ከምላጩ በፊት የነበረችው እብጠት

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጎንደር አራዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ሁለት ወንበር የምትይዝ ትንሽ ቤት አለችኝ። ተወልጄ ያደግሁት መካነ ብርሃን ነው። ከጃናሞራ ደጋ ወርጄ ከተማ የገባሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነበር። ይህ የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ ግን አርባን ከተሻገርሁ፣ ትዳር ይዤ ሁለት ልጅ ካፈራሁ በኋላ ነው። ያኔ በሰፈሩ "የፈንታሁን እጅ ቀላል ነው" ይባልልኝ ነበር። በእኔ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ሰው አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ ዓይኑን የሚጨፍነው እጅህን ስላመነ ብቻ ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ አብልጬ የማከብራቸው ሐጂ እድሪስን ነበር። ሱቃቸው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። አባታቸው ከእንፍራንዝ መጥተው ከከፈቱት ጊዜ ጀምሮ ጨርቅ ይሸጥበታል። ሐጂ ሰባውን አልፈዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ መንገዱን ተሻግረው ይመጡና ለጁምዓ ፀጉራቸውን ሙልጭ አድርጌ እላጫቸዋለሁ። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት ቆየን። በመጨረሻ ጭንቅላታቸውን ሳላይ በእጄ ብቻ አውቀው ነበር። ከግራ ጆሯቸው ጀርባ፣ በልጅነታቸው ጉዛራ ግንብ ላይ ሲንጠላጠሉ ወድቀው ያተረፉት ጠባሳ አለ። እሱ ጋ ስደርስ ምላጩን ዘወር አደርጋለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ በቀኝ በኩል፣ አተር የምታክል ነገር ጣቴ ነካች። ከቆዳው ሥር ናት፤ ጠንካራ ናት፤ ስጫናት ወዲህም ወዲያም አትልም። ሐጂ ምንም አላሉም። እንዳላመመቻቸው ገባኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ለምን ዝም አልሁ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንድም፣ ትልቅ ሰውን "ጭንቅላትዎ ላይ አንድ ነገር በቅሏል" ማለት ይከብዳል። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አምሮበት ሊሄድ እንጂ ስጋት ይዞ ሊመለስ አይደለም። ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ብጉር ይሆናል፣ ይጠፋል ብዬ ተውሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ሽምብራ አክላለች። አሁንም ዝም።

በሦስተኛው ሐሙስ ቆረጥኋት።

ምላጩ አዲስ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በፊቱ ከወረቀቱ አውጥቼ ነው የምጀምረው። እጄም አልተንቀጠቀጠም። እብጠቷ ካሰብሁት በላይ አድጋ፣ ቆዳዋ ሳስቶ ነበርና ምላጩ ጫፏን ገሽለጥ አደረጋት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስላጭ ስንቱን ጭሬያለሁ! በጥጥ ጫን ሲሉት ይቆማል። ይህ ደም ግን አልቆመም። ጥጡን አርሶ በማጅራታቸው ወረደ። ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ ብጫነውም አልሆነም። ሁለት ፎጣ ጨረስሁ።

"ቆረጥኸኝ እንዴ ፈንታሁን?" አሉ ሐጂ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ።

"ትንሽ ነካሁዎት ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አይዞህ። ቆዳውም አርጅቷል።"

ግማሽ ሰዓት ያህል ከጀርባቸው ቆሜ ስጫን ቆይቼ፣ በፕላስተር አሽጌ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሐሙሶች ሐጂ አልመጡም። ቦታው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲነኩት ይሞቅ ነበር አሉ። ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ይነሳና ይደማል። አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው የሚዋጥም የሚቀባም መድኃኒት ተሰጣቸው። አልለወጠውም። ሌላ ተሰጣቸው። ሦስተኛ ተሰጣቸው። መግል ይዟል ተብሎ ሲቀደድም የወጣው ደም ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ከጎኑ ሌሎች ሁለት ወጡ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከጀማል ነው። ጀማል የሐጂ የመጨረሻ ልጅ፣ ሱቁን አብሯቸው የሚሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ወዳጄ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጥቶ በራፌ ላይ ቆመ። ወንበሬ ላይ አንድ ሰው ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ ተቀምጧል።

"አባቴን ምን አድርገህ ነው?" አለኝ።

"ምን ሆኑ?"

"ጭንቅላታቸው መርቅዟል! በማን ደም በቆሸሸ ምላጭ እንደላጨሃቸው አንተ ታውቃለህ።"

"ጀማል፣ ምላጩ አዲስ ነበር። እብጠቷ ደግሞ ከዚያም በፊት ነበረች። ሁለት ጊዜ በእጄ አግኝቻታለሁ።"

ጀማል ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምነው ታዲያ ያኔ አልተናገርህም? ዛሬ ስትጠየቅ ነው ትዝ ያለችህ?" አለኝ።

ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ጀማል ሄደ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ሳሙናውን በፎጣ ጠራርጎ፣ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ወጣ።

አራዳ ወሬ ለመዞር አንድ ቀን አይፈጅባትም። ደንበኞቼ ቀሩ። የሚመጡትም ምላጩን ተቀብለው አገላብጠው ያያሉ። እኔ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ እውል ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን እሱ አልነበረም። "ከመቁረጤ በፊት በእርግጥ ነበረችን? ወይስ ራሴን ለማዳን የፈጠርኋት ናት?" እያልሁ የገዛ ጣቴን መጠራጠር ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። "ጌታዬ፣ የሐጂ ሕመም ከእጄ አይሁን።"

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል፣ አንድ ረቡዕ፣ ሐጂ ራሳቸው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል። ኮፍያ ማድረግ አልቻሉም ነበር። ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። ገቡና በቦታዬ ተቀመጡ።

"ልላጭ አልመጣሁም" አሉኝ። "ነገ ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ።"

"እኔ? እኔ ምን ላደርግ ሐጂ?"

"ጭንቅላቴን ከአንተ በቀር ደህና አድርጎ ያየው የለም። እኔ ራሴም አላየሁትም። ሐኪሙ 'መቼ ጀመረህ?' ሲለኝ ምን ልለው ነው?"

"ጀማል እኔን ማየት የሚፈልግ አይመስለኝም።"

"ጀማል ማኪናውን ይነዳል" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ጀማል ሰላምታዬን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀበለ። ሐጂ ከፊት ሆነው ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ አንድ የድሮ ደንበኛቸው አወሩ። የሚመልስላቸው ሲጠፋ መንገዱን ማየት ያዙ።

ሆስፒታሉ ግቢ ሰው በሰው ነው። ከደጋ በቃሬዛ የመጡ፣ ከቆላ በአውቶቡስ የመጡ፣ ካርድ የሚያወጡ፣ ወረቀት ይዘው ክፍል የሚፈልጉ። የቆዳ ሕክምና ክፍል በር ላይ ባለው አግዳሚ ሐጂና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጀማል ከግድግዳው ተደግፎ ቆመ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጎን ለጎን ተቀምጬ ሳያቸው፣ ፊት ለፊት በመስታወት ያላየሁትን አየሁ። ሸሚዛቸው በትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። የእጃቸው አጥንት ወጥቷል።

"ምግብ ይበላሉ ሐጂ?" አልኋቸው ቀስ ብዬ።

"ይቀርብልኛል" አሉ።

ስማቸው ተጠራና ሦስታችንም ገባን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ገና ስንገባ ተነሥታ ሐጂን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ሻሹን ራሷ ፈታችው። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ቦታውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መሐሉ ላይ እንቁላል የሚያክል ቀይ እብጠት፣ ከጎኑ ሁለት ታናናሾች። ዙሪያውን ቆዳው ቀልቶ ያብረቀርቃል። ለማንም ሰው የመረቀዘ ቁስል ነው የሚመስለው። ለእኔም መሰለኝ።

"እንዴት ጀመረዎት አባቴ?" አለች።

ጀማል ቀደመ። "ፀጉር ሲላጩ በምላጭ ተቆርጠው ነው። ከዚያ ነው የመረቀዘው። ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስደዋል።"

"መድኃኒቱ ለወጠው?"

"ምንም።"

"ትኩሳት አላቸው? መግልስ ወጥቶ ያውቃል?"

"ትኩሳት የለም። ሲቀደድም ደም ብቻ ነው የወጣው።"

ሐኪሟ ጓንት አጥልቃ እብጠቱን ዙሪያውን ቀስ እያለች ጫን ጫን አደረገችው። ሐጂ አልተኮሳተሩም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አልደነገጠችም፤ ነገር ግን እጇ ዘገየ።

"የላጫቸው ማን ነው?" አለች።

ጀማል በአገጩ አመለከተኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ወንድሜ፣ ይንገሩኝ" አለችኝ። "ከመቆረጡ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?"

ጀማልን አየሁት። እሱም እያየኝ ነው። የተናገርሁትን አንዴ ሰምቶ ውሸት ነው ብሏል። ዳግመኛ ብናገር፣ እውነት ከሆነ "አውቀህ ዝም አልህ" እባላለሁ፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ የባሰ። ሐጂ ሳይዞሩ፣ "ለዚህ ነው ያመጣሁህ። ንገራት" አሉ።

"ነበረች" አልሁ። "ከመቁረጤ ከአንድ ወር በፊት አተር ታክል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽምብራ አከለች። በጣቴ አግኝቻታለሁ። አልተናገርሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሲነኳት ታማቸው ነበር?"

"አታማቸውም።"

"ትሞቅ ነበር? ቀልታለች?"

"የለም። የቆዳው መልክ ምንም አልሆነም። ጠጠር ናት የምትመስል። አትንቀሳቀስም። ስቆርጣት ግን ደሟ እንደ ሰው ደም አልነበረም፤ አልቆም አለኝ።"

ጻፈች። እኔም አንዴ አፌን ከከፈትሁ አልዘጋው አልሁ። "ዶክተር፣ አንገታቸውም ቀጥኗል። አንገታቸው ላይ የማስረው ጨርቅ ጫፍ ድሮ በአንድ ጣት ነበር የሚደራረብ። በመጨረሻው ጊዜ በአራት ጣት ተደራርቧል። አውቄ ነው ላስብበት ያልወደድሁ።"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደ ሐጂ አስጠግታ፣ "አባቴ፣ ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ? ሳል? የጎን ሕመም? ሽንትዎ እንዴት ነው?" አለቻቸው።

ሐጂ ወደ በሩ ተመለከቱ። ከዚያ፣ "ጀማል፣ እስቲ ውጭ ቆይልኝ" አሉ።

"አባዬ!"

"ቆይልኝ አልሁህ ልጄ።"

ጀማል ወጣ። እኔም ተከትዬ ልወጣ ስል፣ "አንተ ተቀመጥ" አሉኝ። "የእኔን ነገር መስማት ለምደሃል።"

ከዚያ ለሐኪሟ ነገሯት። ከብዙ ወራት በፊት ሽንታቸው ደም ቀላቅሎ ነበር። አላመማቸውም። ሁለት ጊዜ ሆኖ ጠፋ። ሰንብቶ አንዴ ተመለሰ። ለልጆቻቸው መንገር አፈሩ። ለባለቤታቸውም አልነገሩም። ፀሐይ ነው፣ ውኃ ማነስ ነው ብለው ተዉት። ሲናገሩ የሻሹን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። ያን ያህል ዓመት ሳውቃቸው ሲያፍሩ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለች ሐኪሟ። "ይህ የመረቀዘ ቁስል ነው ብዬ ሌላ መድኃኒት አልሰጥዎትም። ከእብጠቱ ትንሽ ናሙና እወስዳለሁ። ዛሬውኑ ሆድዎንም በአልትራሳውንድ እናያለን።"

ናሙና የሚወሰድበት ክፍል ጠባብ ነበር። ሐጂ ሳይላጩ በቆዩበት ሁለት ወር ፀጉራቸው በእብጠቱ ዙሪያ አድጓል። ነርሷ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥታ ልትላጭ ስትጠጋ፣ ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

"እሱ ይላጨኝ" አሉ።

ነርሷ ሐኪሟን አየች። ሐኪሟ ጥቂት አሰበችና፣ "እጅዎን በደንብ ይታጠቡ፣ ጓንት ያድርጉ። እብጠቱን እንዳይነኩት፣ ዙሪያውን ብቻ" አለችኝ።

ታጠብሁ። ጓንቱ ውስጥ እጄ አላበው። ምላጩን ስይዝ ጣቴ ሲርገበገብ ነርሷም አይታዋለች። ጀማል በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ሰጡኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት። ያን ጊዜ እጄ ጸና። አንዲት ጠብታ ደም ሳይወጣ ዙሪያውን አጸዳሁት። የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ፣ ናሙናው ሲቆረጥ፣ ደሙ እስኪቆም ሐኪሟ ጫን አድርጋ ስትይዝ፣ ግንባራቸውን በሁለት መዳፌ ደግፌ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ አልትራሳውንድ ታዩ። ባለሙያው በግራ ጎናቸው ላይ ብዙ ቆየ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ "ናሙናው እስኪደርስ አልናገርም። ግን ቀጠሮውን እንዳታሳልፉት" አለች። ስንመለስ በማኪናው ውስጥ የዝናቡን ነገር እንኳ ያነሣ አልነበረም።

ውጤቱ ሲደርስ ሐጂ ደግሜ እንድመጣ ላኩብኝ። የተላከው ሰው ራሱ ጀማል ነበር። "አባዬ እንድትመጣ ይፈልጋሉ" ብሎ ቆመ፤ ከዚያ "ብትመጣ ሸጋ ነው" ብሎ ጨመረ።

ሐኪሟ ሦስታችንን አስቀምጣ አልተጣደፈችም። "አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ለልጅዎ ልንገር?" ብላ አስቀድማ ጠየቀች።

"ለእኔ ንገሪኝ። ሸክሙ የእኔ ነው" አሉ።

"ካንሰር ነው። የተነሣው ግን ከቆዳዎ አይደለም። ግራ ኩላሊትዎ ላይ ነው የጀመረው። ከዚያ በደም ተጉዞ የጭንቅላትዎ ቆዳ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ቀልቶና አብጦ ሲወጣ የመረቀዘ ቁስል ይመስላል። ሐኪምም ይሳሳትበታል።"

"ምላጩስ?" አለ ጀማል። ድምፁ ተሰብሯል።

"ምላጩ ምንም አላመጣም። የነበረውን ነው የነካው። ይህ ሰው አስቀድሞ ምን እንደነበረ ባይነግረኝ፣ እኔም አራተኛ መድኃኒት ጽፌ ልሸኛችሁ እችል ነበር።"

አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያን ቃል ስሰማ እፎይ አልሁ። ደስ አለኝ። ከትከሻዬ ላይ ሸክም ሲወርድ በግልጽ ተሰማኝ። "ከእጄ አይደለም!" አልሁ በልቤ። ቀና ስል ሐጂ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ያ ደስታዬ በአፌ ውስጥ መረረ።

ጀማል ማኪናውን ሊያመጣ ሄደ። ሐጂና እኔ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆመን ጠበቅነው። መያዝ አልቻልሁም።

"ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከምላጩ አይደለም ስትል ደስ አለኝ። እርስዎ እንዲህ ሆነው እኔ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ 'ከእጄ አይሁን' እያልሁ እለምን ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ሐጂ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"እኔም እለምን ነበር" አሉ።

"ምን ብለው?"

"ያንኑ። 'ከፈንታሁን እጅ አይሁን' እያልሁ። ከአንተ ቢሆን ጀማል አይምርህም። እኔ ካለፍሁ በኋላ ፊት ለፊት ሆናችሁ እንዴት ትኖራላችሁ? መንገዷ እንደሁ ጠባብ ናት።" ፈገግ አሉ። "አላህ ለሁለታችንም ሰምቶናል። የቀረው የእሱ ጉዳይ ነው።"

እንባዬ መጣ። "አተር ሳለች ብነግርዎ ኖሮ..." ስል አቋረጡኝ።

"አንተ እብጠቷን ደበቅህ፣ እኔ ሽንቴን ደበቅሁ። ሁለታችንም አፍረን ነው። አሁን በቃን።"

ጀማል ማኪናውን አምጥቶ ወረደ። አባቱን ደግፎ ከፊት አስቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ የኋላውን በር ከፈተልኝ። በሩን እንደያዘ፣ "ይቅርታ" አለ። ከዚያ በላይ እኔም አልፈለግሁበት።

በዚያው ሳምንት፣ ገበያተኛው መንገዱን በሞላበት ሰዓት፣ ጀማል መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። "ጢሜን በምላጭ" አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ አየው። ደንበኞቼ ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ሐጂ አዲስ አበባ ሄደው መድኃኒት ጀመሩ። የጭንቅላታቸው እብጠት ጎደለ፤ ቅላቱ ጠፋ። ድካሙ ግን ነበረ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሩ። እንደ ድሮው መንገድ መሻገር ሲያቅታቸው እኔ ቤታቸው እየሄድሁ እላጫቸው ነበር። ሚስታቸው ሻይ ያቀርቡልናል፤ ሐጂ በዱንያ ላይ ከማን ጋር ምን እንደቀራቸው እያሰቡ ሰው እያስጠሩ ይታረቁ ነበር። ያረፉት በቤታቸው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው። ቀብራቸው ላይ ጀማል ከሰዎቹ መሐል ፈልጎኝ፣ እጄን ይዞ ከአጠገቡ አቆመኝ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያስተማረችኝ ሐኪሟ ናት፤ ቆይቶ ጊዜ ሰጥታ አስረድታኛለች። ቆዳ ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልሻም። አብዛኛው ብጉንጅ ነው፤ ስብ ነው፤ መድኃኒት ሲያገኝ የሚጠፋ ቁስል ነው። ግን ቀይ ሆኖ ቁስል መስሎ መድኃኒት የማይመልሰው፣ ሲቀደድ መግል የሌለው፣ ሳያም የሚያድግ፣ ደግሞ ጓደኛ የሚያበጅ ከሆነ፣ አራተኛውን መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊት "ናሙና ይወሰድልኝ" በሉ። ሰውነታችሁ ሌላ ቦታ የነገራችሁን ምልክትም ለሐኪሙ አትደብቁ። ሐጂ ቀደም ብለው ቢናገሩ፣ እኔም ቀደም ብዬ ብናገር፣ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪሟንም አንዴ ጠይቄያት "አላውቅም" ብላኛለች። ከዚህ ጋር መኖር ለምጃለሁ።

ያ ነገር ሥራዬን ለወጠው። ዛሬ እጄ ያገኘውን እናገራለሁ። ከአሥሩ ዘጠኙ ምንም ሳይሆኑ ይመለሳሉ። አንዱ "ስብ ነው ተባልሁ፤ ለከንቱ ነው ያስደነገጥኸኝ" ብሎ ከሰው ፊት ስቆብኛል። "ሐኪም ፈንታሁን" የሚለኝም አለ። ከአገሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጢማቸውን ስላጭ ከመንጋጋቸው ሥር ያገኘሁትን ብነግራቸው፣ "ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው?" ብለው ተቆጥተው ሄዱ። "አያ፣ ሐኪም ይየው ብዬ እንጂ" እያልሁ እስከ መንገዱ ተከተልኋቸው። ሐኪም አይቶት እንደሁ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በእኔ በር አላለፉም።

ብቻዬን ስሆን ያስከፋኛል። ቢሆንም አልተውሁትም። አሁን ዘዴ አበጅቻለሁ። እጄ አንድ ነገር ሲያገኝ ስም አልሰጠውም። ምላጩን አስቀምጬ፣ "ወንድሜ፣ እስቲ እጅህን ስጠኝ" እለዋለሁ። የራሱን ጣት ይዤ፣ ቀስ ብዬ ቦታው ላይ አስቀምጥለታለሁ።